ግሎክ፣ ሲግ ወይስ ሌላ? መዶሻ የሌለው ሽጉጥ ከመግዛታችሁ በፊት

ጎንደር ውስጥ የሽጉጥ ጨዋታ ከተነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም "የትኛው ይሻላል?" የሚል ነው። አዘዞ ቡና ሲጠጣም፣ ፒያሳ ሻይ ቤት በረንዳ ላይም፣ ከውጭ በሚደውል ዘመድ ስልክም ያው ነው። ግሎክ ነው ሲግ? የቱርኩስ እንዴት ነው? እኔ ብዙ ዓመት የመሥሪያ ቤት መሣሪያ ስጠብቅና ስጠግን ስለኖርኩ ጥያቄው ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ይመጣል። መልሴ ግን ብዙውን ጊዜ ጠያቂውን አያስደስተውም። ከስሙ በፊት ሌላ ነገር እጠይቃለሁና። እስከ ዛሬ የያዝከው ምን ዓይነት ነበር? በምን ትይዘዋለህ? ማታ የት ታስቀምጠዋለህ? ቤት ውስጥ ልጅ አለ?

በቀጥታ ልናገር። ዛሬ በዓለም ገበያ በብዛት የሚሸጡት ሽጉጦች እኛ ከለመድናቸው ከሶቪየቱ ማካሮቭና ከስፔኑ ስታር በአሠራር ይለያሉ። ጥሩ መሣሪያዎች ናቸው። ቀላል ናቸው፣ ጠንካራ ናቸው፣ ብዙ ጥይት ይይዛሉ። የሚያሳስበኝ በማካሮቭ የተማረው እጅ ነው። ማካሮቭን ያለ አፎት ወገቡ ላይ ሸጉጦ የኖረ ሰው ግሎክንም እንደዚያው ከሸጎጠ፣ የራሱን ጭን ወይም ከዚያ የባሰ ቦታ የሚመታበት ቀን ሩቅ አይሆንም። ስለዚህ መጀመሪያ ውስጡን እንየው፣ ከዚያ ስም በስም እናወዳድራለን። የምጽፈው ፈቃድ ላለው ሰው፣ ወይም ሕጉ በሚፈቅድበት አገር ለሚገዛ ሰው ነው። ስለ ሕጉ ዝቅ ብዬ እመጣበታለሁ።

ውስጡ ምን አለ?

ማካሮቭን እንውሰድ። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1951 ለሠራዊቷ የተቀበለችው ሽጉጥ ነው። እኛም አገር ብዙ ዘመን የመኮንን ሽጉጥ ሆኖ ኖሯል። ከኋላው መዶሻው፣ ጥይቱን የሚያስነሳው መቺ ብረት፣ ይታያል። ጥይት አጉርሳችሁ መጠበቂያውን ወደ ላይ ስትገፉት መዶሻው ይወርዳል፣ ሽጉጡም ይቆለፋል። ለመተኮስ መጠበቂያውን ታወርዳላችሁ። ከዚያ የመጀመሪያው የምላጭ ስበት ረጅምና ከባድ ነው፤ ጣታችሁ መዶሻውንም አብሮ ወደ ኋላ እየጎተተ ነዋ። ከሁለተኛው ጥይት ጀምሮ ይቀላል፣ መዶሻው በራሱ ተወጥሮ ይቆያል። እንግዲህ ማካሮቭ ሦስት ነገር ይሰጣችኋል ማለት ነው። በዓይን የሚታይ መዶሻ፣ በአውራ ጣት የሚነካ መጠበቂያ፣ የሚከብድ የመጀመሪያ ስበት። ሦስቱም ለተሳሳተ እጅ ጊዜ ይሰጣሉ።

አዲሶቹ ይህ መዶሻ የላቸውም። ከላይ ወደ ኋላ የሚንሸራተተው ብረት፣ ስላይድ የሚባለው፣ ውስጡ ረዘም ያለ መርፌና አንድ ሞላ አለው። ስላይዱን ስባችሁ ስትለቁት ከካዝናው ጥይት አንስቶ ያጎርሳል፤ በዚያው ቅጽበት መርፌው ኋላ ላይ ይያዝና ሞላው ይወጠራል። ምላጩ ሲሳብ መያዣው ይለቃል፣ መርፌው ተወርውሮ የጥይቱን ቂጥ ይመታል። አለቀ። መርፌው ስትራይከር ይባላል፣ ሽጉጦቹም የሚጠሩት በሱ ነው።

ጥቅሙ ብዙ ነው። ስበቱ ከመጀመሪያው ጥይት እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ስለሆነ መማር ይቀላል። የሚሰበር ዕቃ ያንሳል። ስላይዱ ወደ እጅ ቀረብ ብሎ ስለሚቀመጥ ሲተኮስ አፈሙዙ ያን ያህል ወደ ላይ አይዘልም። ኪሳራውም አለ። ከውጭ አይታችሁ ተወጥሯል አልተወጠረም ማለት ይከብዳል፤ አብዛኞቹም በአውራ ጣት የሚነካ መጠበቂያ የላቸውም። ሌላም አለ። ጥይቱ ሳይፈነዳ ቢቀር ማካሮቭ ላይ ምላጩን ደግማችሁ መሳብ ትችላላችሁ፣ መዶሻው እንደገና ይመታል። ግሎክ ላይ ግን ምላጩ ሞቶ ይቀራል፤ ስላይዱን ስባችሁ ያከሸፈውን ጥይት ማስወጣት አለባችሁ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የኦስትሮ ሃንጋሪ ፈረሰኞች የያዙት የ1907ቱ ሮት ስታየር መርፌው በግማሽ ብቻ የሚወጠር ነበር፤ ቀሪውን ምላጩ ይጨርሰዋል። ፈረስ ሲደነግጥ በትንሽ ንክኪ እንዳይተኩስ ነው። የፕላስቲኩን ሰውነት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 የጀርመኑ ሄክለር ኤንድ ኮህ ጀመረው። ሁለቱን አጣምሮ ዓለምን የለወጠው ግን ጋስተን ግሎክ ነው። ሰውየው ቪየና አጠገብ ባለችው በዶይች ቫግራም የመጋረጃ ዘንግና የወታደር ቢላዋ የሚሠራ ባለ ፋብሪካ እንጂ ሽጉጥ ሠሪ አልነበረም። የኦስትሪያ ጦር ሽጉጡን እ.ኤ.አ. በ1982 ተቀበለው። ግሎክ 17 የተባለው 17ኛው የፈጠራ መብቱ ስለሆነ ነው። ካዝናው 17 ጥይት መያዙ ግጥምጥሞሽ ነው።

ግሎክ ላይም መርፌው በከፊል ነው የሚወጠረው። ምላጩ መሐል ላይ ቀጭን ምላስ አለች። ጣት ከፊት ለፊት ካልተጫናት ምላጩ አይንቀሳቀስም። ውስጥ ደግሞ መርፌውን የሚያግድ ተጨማሪ መቆለፊያ አለ፣ ሽጉጡ ሲወድቅ እንዳይተኩስ የሚይዝ ሌላም አለ። ሦስት መጠበቂያ ማለት ነው። ሦስቱም ግን አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሚሠሩት፤ ምላጩ ሳይነካ ሽጉጡ እንዳይተኩስ። ምላጩ ከተሳበ ሦስቱም በየተራ ይለቃሉ። የሳበው ጣት ይሁን ቁልፍ ይሁን የጃኬት ክር፣ ለሽጉጡ ልዩነት የለውም። ስበቱ 2.5 ኪሎ ገደማ ነው፣ ጉዞውም አጭር ነው።

የጃኬት ክር ያልኩት ለምሳሌ ያህል አይደለም። ጎንደር ጠዋት ጠዋት ብርድ ነው፣ ሰው ጃኬት ይደርባል። ጃኬቱ ታች ጫፉ ላይ ማጥበቂያ ክር አለው፣ ክሩ ጫፍ ላይ ደግሞ ባቄላ የምታክል የፕላስቲክ ቁልፍ ትንጠለጠላለች። ሰውየው ሽጉጡን ወደ ወገቡ ሲመልስ ቁልፏ የምላጭ ቀለበት ውስጥ ትገባለች። እሱ ወደ ታች ይገፋል፣ ክሩ ወደ ላይ ይይዛል፣ በዚህ መሐል ምላጩ ይሳባል። ጣቱ ምላጩ አጠገብ እንኳን አልነበረም። ሲነግራችሁም "በራሱ ተኮሰ" ነው የሚላችሁ። ጋቢና ነጠላም እንዲሁ ነው፤ ጨርቁ ስስ ስለሆነ የበለጠ ይገባል። ለዚህ ነው አፎቱን ከሽጉጡ እኩል የማየው። የምላጩን ቀለበት ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ሲጫኑት የማይጣጠፍ ጠጣር አፎት ያስፈልጋል። በዕድሜ የለሰለሰ የቆዳ አፎት አፉ ወደ ውስጥ ስለሚታጠፍ እሱ ራሱ ምላጭ ይስባል። ጠጣር አፎት ለመግዛት ገንዘብ ካልተረፋችሁ ሽጉጡንም አትግዙት፣ ይቆይ።

ስም በስም

ግሎክ 19ን መነሻ አድርጌ ነው ሌሎቹን የምመዝነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ መካከለኛ ልክ ነው። በርሜሉ 102 ሚሊ ሜትር፣ ካዝናው 15 ጥይት፣ ባዶውን 600 ግራም ገደማ ነው። ማካሮቭ ባዶውን 730 ግራም ሆኖ የሚይዘው 8 ጥይት መሆኑን አስቡት። የግሎክ ውበት መልኩ አይደለም፣ መልኩማ ጡብ ነው። ውበቱ ዕቃው በየትም አገር መገኘቱ፣ ፈቶ ማጽዳቱ ቀላል መሆኑና ቆሻሻ መቻሉ ነው። የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ2013፣ የፈረንሳይ ጦር በ2020 የመረጡት ግሎክ 17ን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ግን አለ። ለማጽዳት ስትፈቱት መጀመሪያ ምላጩን መሳብ ግድ ነው። ካዝናውን አውጥቶ በርሜሉ ውስጥ የቀረችውን አንዲት ጥይት የረሳ ሰው፣ ለማጽዳት ብሎ ግድግዳውን ወይም ልጁን ይመታል። ካዝናውን አውጡ፣ ስላይዱን ስባችሁ ክፍት አድርጋችሁ ያዙት፣ በዓይናችሁ እዩ፣ ከዚያ ትንሿን ጣታችሁን አስገብታችሁ ባዶነቱን ዳስሱ። ማታ ከሆነና መብራት ከሌለ ጣት ከዓይን ይታመናል። ሌላው ነገር የእጀታው ዘንበል ማለት ነው። ከሌላ ሽጉጥ የመጣ ሰው መጀመሪያ ላይ ከፍ አድርጎ ያነጣጥራል፣ በልምምድ ይስተካከላል።

የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ኤም ኤንድ ፒ እ.ኤ.አ. በ2005 ወጣ፣ የተሻሻለው 2.0 ደግሞ በ2017። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው ከግሎክ ቀድሜ የምጠቅሰው ይህን ነው፣ ምክንያቴም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ውስጡ ያለችውን ትንሽ ማንሻ በማውረድ ምላጩን ሳትስቡ መፍታት ይቻላል። ሁለተኛ፣ ከፈለጋችሁ የአውራ ጣት መጠበቂያ ያለውን ማዘዝ ትችላላችሁ። ማካሮቭን ለለመደ እጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። "መጠበቂያ ያለው የሚይዝ ፈሪ ነው" የሚሉ አሉ። አትስሟቸው። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ2017 አዲሱን ሽጉጡን ሲመርጥ መጠበቂያ ያለውን ነው የወሰደው።

ያ የጦሩ ሽጉጥ የሲግ ሳወር ፒ320 ዝርያ ነው። ፒ320 እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ። ብልሃቱ ጥሩ ነው። ምላጩና ተጓዳኝ ዕቃው በአንዲት የብረት ሣጥን ተሰብስቧል፣ ሕጋዊ መለያ ቁጥሩም የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። ሣጥኗን አውጥታችሁ ትንሽ ወይም ትልቅ እጀታ ውስጥ ትከቷታላችሁ፣ ሽጉጡም ልኩን ይለውጣል። ስበቱም ለስላሳ ነው። ነገር ግን መናገር ያለብኝ አለ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 በተወሰነ አቅጣጫ ሲወድቅ ሊተኩስ እንደሚችል ከታየ በኋላ ፋብሪካው በነፃ አሻሽላለሁ ብሎ አወጀ። ከዚያ ወዲህም ምላጩ ሳይነካ ተኮሰብን የሚሉ ሰዎች አሜሪካ ውስጥ ብዙ ክስ መሥርተዋል፤ ኩባንያው ሽጉጡ ደህና ነው ብሎ ይከራከራል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 አንድ የአሜሪካ አየር ኃይል ዕዝ ለጊዜው ሥራ ላይ እንዳይውል አግዶት ነበር፣ ከምርመራ በኋላ መልሶታል። እኔ ፍርድ ቤት አይደለሁም። ያገለገለ ፒ320 የሚገዛ ሰው ግን የ2017ቱ ማሻሻያ የተደረገለት መሆኑን በመለያ ቁጥሩ ሳያጣራ ገንዘብ አያውጣ። ማጣራት ካልተቻለ ይለፈው። ሌላ ሽጉጥ ሞልቷል።

የዋልተር ፒዲፒ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የጀርመን ሥራ ነው። ከፋብሪካ እንደወጡ ከሚታወቁት ውስጥ ምላጩን የመሰለ ጥቂት ነው፤ የት ላይ እንደሚለቅ ጣት ጥርት አድርጎ ያውቀዋል። በተለይ ለሴቶች የምጠቅሰው ይህን ነው። ኤፍ የተባለው ዓይነት እጀታው ቀጠን ያለ፣ ምላጩ ለጣት የቀረበ፣ ስላይዱም ለመሳብ የቀለለ ተደርጎ ነው የተሠራው። ለትንሽ እጅ ብሎ ሽጉጡን ማሳነስና ለትንሽ እጅ አስቦ መሥራት ይለያያሉ። ዝቅ ብዬ አስረዳለሁ።

የሄክለር ኤንድ ኮህ ቪፒ9 በዋጋ ይወደዳል፣ እጀታውን ግን የጀርባውንም የግራና የቀኝ ጎኑንም ሽፋን እየቀያየራችሁ ከእጃችሁ ጋር ማስማማት ትችላላችሁ። የቼኩ ሲዜድ ፒ-10 ሲ ከግሎክ 19 ጋር እኩል ልክ ሆኖ 15 ጥይት ይይዛል፣ ምላጩ ይበልጠዋል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። ስላይዱ አዲስ ሳለ ጠንከር ይላል። ክሮኤሽያ ውስጥ ተሠርቶ አሜሪካ ውስጥ ኤክስዲ በሚል ስም የተሸጠውን ደግሞ ብዙ ሰው ይንቀዋል፣ እኔ ግን አልንቀውም። እጀታው ጀርባ ላይ በመዳፍ ካልተጨመቀ የማይተኩስበት መጠበቂያ አለው። ጨርቅ ምላጩን ቢይዝ እንኳን መዳፍ እጀታውን ካልጨበጠ አይተኩስም። ካኒክ የቱርክ ነው፣ ጥቁር ባሕር ዳር ባለችው በሳምሱን ከተማ ይሠራል፣ መሠረቱም የዋልተር ፒ99 ንድፍ ነው። በዋጋው ላገኛችሁት ነገር ጥሩ ሽጉጥ ነው።

ቱርክ ካልን

"የቱርክ" ሲባል ጎንደር ውስጥ የሚታሰበው ካኒክ አይደለም። በመተማና በሌላም በኩል በኮንትሮባንድ ገብቶ ኬላ ላይ የሚያዘው ነው ትዝ የሚለን። ከእነዚህ ውስጥ ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነው በመጀመሪያ ድምፅ ብቻ እንዲያሰሙ የተሠሩና በኋላ በየጓዳው የተቀየሩ ናቸው። መልካቸው ሽጉጥ ነው። አንዳንዱ ከሩቅ ከእውነተኛው አይለይም። ብረቱ ግን ሌላ ነው። የድምፅ ሽጉጥ የሚሠራው ቀልጦ በቅርጽ ከሚፈስ ለስላሳ ቅይጥ ነው፣ የእውነተኛ ጥይትን ግፊት እንዲችል አልታሰበም። ባሩዱ ሲነሳ የሚገፋው አረሩን ብቻ አይደለም፣ ስላይዱንም በርሜሉንም በያዘው እጅ ላይ ይገፋል። የተሰነጠቀ ስላይድ ወደ ፊት አይደለም የሚሄደው፣ ወደ ተኳሹ ፊት ነው። መለያ ቁጥሩ የተፋቀ፣ ማህተም የሌለው፣ በርሜሉ ከሰውነቱ ጋር የማይመሳሰል ቀለም ያለው ሽጉጥ ካያችሁ ሕጉም ሰውነታችሁም አንድ ነገር ነው የሚላችሁ፤ አትንኩት።

እውነተኛ ግሎክ መለያ ቁጥሩ ሦስት ቦታ ላይ ነው። ስላይዱ ላይ፣ በርሜሉ ላይ፣ ከታች ፕላስቲኩ ውስጥ በተቀበረች ትንሽ ብረት ላይ። ከፋብሪካ እንደወጣ ከሆነ ሦስቱ አንድ ናቸው። ካልተገጣጠሙ ከተለያየ ሽጉጥ ተለቃቅሞ የተሠራ ነውና የያዘውን ሰው ጠይቁት፣ መልስ ከሌለው ተዉት።

ጥይቱ "ዘጠኝ" ብቻ አይደለም

ይህን ደጋግሜ እላለሁ። የማካሮቭም የግሎክም ጥይት "ዘጠኝ" ይባላል። አንድ አይደሉም። የማካሮቭ ጥይት 9×18 ነው፣ አረሩ 9.27 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል። የግሎክ፣ የሲግ፣ የዋልተርና የሌሎቹ 9×19 ነው፣ አረሩ 9 ሚሊ ሜትርን ጥቂት ብቻ ያልፋል፣ ግፊቱ ግን ይበልጣል። አንዱን በሌላው ማጉረስ መሣሪያ ማበላሸት ነው፣ ሰውም ያስጎዳል። የቀለሁን ቂጥ ገልብጣችሁ እዩ፣ ብዙው ላይ ተጽፏል። ልኩን የሚለካ ሰው ካጠገባችሁ ከሌለ "ይገባል አይገባም" እያላችሁ አትሞክሩ።

ከዘጠኙ ከፍ ያሉ ልኮች አሉ። በዚህ ጽሑፍ አልነካቸውም፣ ለአብዛኛው ሰው ዘጠኝ በአሥራ ዘጠኝ ይበቃል፤ ርካሽ ነው፣ ምቱ ይቻላል፣ በየትም ይገኛል።

እጅና ልክ

ሽጉጥን በቪዲዮ አትምረጡ። ባዶነቱን አረጋግጣችሁ ጨብጡት። ስላይዱና የክንዳችሁ አጥንት አንድ መስመር ሲሆኑ አመልካች ጣታችሁን ምላጩ ላይ አሳርፉ። መንካት ያለበት የጣታችሁ ጫፍ ሥጋ ነው። አንጓው ከገባ እጀታው ቀጥኖባችኋል፣ ጥይቱም ወደ ጎን ይሄዳል። ጫፉ ካልደረሰ ደግሞ እጃችሁን ማጣመም ትጀምራላችሁ፣ ያኔ ምቱን የሚቀበለው የክንዳችሁ አጥንት ሳይሆን አውራ ጣታችሁ ይሆናል። ከዚያ ካዝና ማስለቀቂያውን አያያዛችሁን ሳትለቁ መድረስ ትችሉ እንደሆነ እዩ። በዚህ ፈተና ላይ የታወቀው ስም ወድቆ ያልታወቀው ሊያልፍ ይችላል። እጃችሁን እመኑ።

ትንንሾቹ አሁን በጣም ተወደዋል። ሲግ ፒ365 እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ በኪስ ሽጉጥ መጠን 10 ጥይት መያዙ ገበያውን ገለበጠው። ግሎክ 43 ኤክስ በ2019 ተከተለው። ሚስቱን ወይም እህቱን አስቦ ትንሹን የሚገዛ ወንድ ብዙ ነው፣ ትንሽ እጅ ትንሽ ሽጉጥ ብሎ። ተቃራኒው ነው። ጥይቱ ያው ነው፣ ሽጉጡ ግን ቀለለ፤ ምቱን የሚውጥ ክብደት ስለሌለ እጅ ላይ ይመታል። ሞላውም ጠንካራ ስለሚሆን ስላይዱን መሳብ ይከብዳል። ለቤት የሚቀመጥ ከሆነ መካከለኛውን ልክ ውሰዱ። ትንሹ የሚያገለግለው ቀኑን ሙሉ በልብስ ሥር ለሚይዝ ሰው ነው፣ እሱም ብዙ ተለማምዶ።

ወረቀቱ

የእህቴ ልጅ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል። "ጋሼ፣ ግሎክ ልግዛ ሲግ?" ሲለኝ መጀመሪያ የነገርኩት ሜሪላንድ ውስጥ ሽጉጥ ከመግዛቱ በፊት የሥልጠና ማረጋገጫና የጣት አሻራ ያለበት የብቃት ፈቃድ ማውጣት እንዳለበት ነው። ሱቅ ከመሄዱ በፊት ያልቅ። እዚያ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና አይሸጥም፣ ስለዚህ "17 ይይዛል" የሚለው ምክንያት ለሱ ከንቱ ነው። ከሻጭ ሱቅ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። በቱሪስት ቪዛ ያለ ሰው በአብዛኛው አይገዛም፣ ግሪን ካርድ ያለው ይገዛል። የሚሞላው ቅጽ የተከለከለ ነገር ትጠቀማለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አሜሪካ ውስጥ በጥብቅ የተከለከለ ነው፣ የእኛ ልጆች ይህን አያውቁትም። ለሌላ ሰው ብሎ በራስ ስም መግዛትም እስር ቤት ያስገባል።

"ገዝተህ ላክልኝ" የምትሉም አላችሁ። እባካችሁ ልጆቹን ለወንጀል አትዳርጉ። ከዚያ ያለ ፈቃድ ማውጣቱም እዚህ ያለ ፈቃድ ማስገባቱም ወንጀል ነው። እኛ አገር ጉዳዩን የሚመራው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፣ ተቆጣጣሪውም ፌዴራል ፖሊስ ነው። ፈቃዱ የሰው ነው፣ የመሣሪያውም ነው። በእናንተ ስም የተመዘገበውን ለዘመድ ለሠርግ ማዋስ አይቻልም። ሠርግ ካልን፣ ወደ ሰማይ የተተኮሰ አረር ሰው ላይ ይወርዳል፤ ይህን የሚክድ ሰው ሆስፒታል ሄዶ ይጠይቅ። ጥር 11 ባሕረ ጥምቀቱ ጋ ስንገፋፋ የሚሆነውንም አስቡት። ሕዝብ ከፊትም ከኋላም ሲጨምቅ ወገብ ላይ ያለ አፎት የተሸጎጠ፣ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ሊኖር ነው። የክርን ግፊት ይበቃዋል። እዚያ ቦታ መሣሪያ ይዞ መገኘት ራሱ አይገባም።

ቤት ውስጥ ደግሞ ትራስ ሥር አይደለም፣ ቁም ሣጥን ላይም አይደለም። ልጆች ቁም ሣጥን ላይ ይወጣሉ፣ እኛም ወጥተናል። የማካሮቭን ከባድ ስበት የስድስት ዓመት ልጅ ጣት ላይችለው ይችላል፤ የእነዚህን ግን በሁለት አውራ ጣቱ ይችለዋል። ግድግዳ ላይ በብሎን የሚታሰር ትንሽ የብረት ሣጥን ብየዳ ቤት ይሠራላችኋል። ቁልፉ አንገታችሁ ላይ ይዋል፣ ጥይቱ ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

ስትረከቡ

የመረጣችሁትን ስትረከቡ ባዶነቱን አረጋግጡና ስላይዱን ኋላ ላይ አቁሙት። በርሜሉን በብርሃን አንጻር እዩ። ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ወይም መሐሉ እንደ ቀለበት ያበጠ ከሆነ ተዉት። ያበጠው በርሜል ውስጥ አረር ተቀርቅሮ በላዩ የተተኮሰበት ነው። ስላይዱን መልሱ፣ ወደማያሰጋ አቅጣጫ ይዛችሁ ምላጩን ሳቡ፣ ጠቅ ይበል። ምላጩን እንደተሳበ ያዙት፣ ስላይዱን ስባችሁ ልቀቁ፣ ከዚያ ምላጩን ቀስ ብላችሁ ወደ ፊት ስታመጡት እንደገና ጠቅ ብሎ መያዝ አለበት። ካልያዘ መያዣው አልቋል። ግሎክና መሰሎቹ ላይ ያቺን ምላስ ሳትነኩ ምላጩን ከጎኑ ጠርዝ ይዛችሁ ሞክሩት፤ መንቀሳቀስ የለበትም።

ከዚያ የተኩስ ልምምድ በሚፈቀድበት ቦታ፣ ጆሮና ዓይናችሁን ሸፍናችሁ፣ ልትይዙት ባሰባችሁት ጥይት 200 ያህል ተኩሱ። ካዝናዎቹን ቁጥር ጻፉባቸውና እያፈራረቃችሁ ሞክሩ። ጥይት የሚያንቀው ሁሌ አንዱ ካዝና ላይ ብቻ ከሆነ ሽጉጡ ደህና ነው፤ የካዝናው ሞላ ደክሟል ወይም የአፉ ብረት ተጣሟል፣ እሱን ለውጡት። በሁሉም ካዝና የሚያንቅ ከሆነ ግን ለሸጠላችሁ መልሱ።